በሬውን የገዛው ደመወዝ

ደመወዜን ሙሉውን አይቼው አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ነበር፤ እጄ የሚገባው ግን ሁልጊዜ ሌላው ከቀመሰው በኋላ ነው። መጀመሪያ የሥራ ግብር ይቆረጥበታል። ቀጥሎ ጡረታ፤ ያኔ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ስለነበር ጡረታ የሚባለው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ መዋጮው ይመጣል፤ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለማኅበር፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ ለበዓል ሰልፍ መፈክር የሚጻፍበት ጨርቅ ሳይቀር። በረሃ ለሚሠራ ሰው አበል አለ ሲባል ሰምተን ማመልከቻ ጽፈን ነበር። ማመልከቻው ጎንደር ወጥቶ ቀረ። ጎንደር አየሩ ደስ ይላል፣ ወደዚያ የወጣ ነገር መመለስ አይወድም እያልን እንሥቅ ነበር።

የማስተምረው መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከሱዳን ድንበር ላይ። ደመወዝ ከፋዩ ከጎንደር የሚወርደው ወሩ ሲያልቅ ሳይሆን መኪና ሲያገኝ ነበር። ክረምት ከገባማ መንገዱ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ የሁለት ወር ተደርቦ የሚደርስበት ጊዜ አለ። እስከዚያ በዱቤ እንኖራለን። ባለሱቆቹ ለመምህር ዱቤ አይከለክሉም፤ ብቻ ለመምህር የሚሸጡበት ዋጋ ሌላ ነው።

ከተማዋ ውስጥ የሌለ ነገር አልነበረም፤ የሌለው ብር ነበር። ሳሙናው፣ ብስኩቱ፣ ሸሚዙ፣ የባትሪ ድንጋዩ ከወዲያ ማዶ ይመጣል። ሁሉም ኮንትሮባንድ ስለሆነ ዋጋው የሚወጣና የሚወርደው በነጋዴው ፍርሃት ልክ ነው። ኬላው ሲጠብቅ ሳሙና ይወደዳል፤ ሲላላ ይረክሳል። እኔ ልብሴን የማጥበው ኬላው ሲላላ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ጋዝ በራሽን ይሰጣል፣ ያውም ሲኖረው። ከዚህ ሌላ የሣር ቤቷ ኪራይ አለ፤ ከጓንግ ወንዝ በአህያ የሚመጣው ውሃ አለ፤ አጎበር አለ። ወባ ደግሞ ቀጠሮ የማያጓድል እንግዳ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ሳይመጣ አይቀርም፣ ሲመጣም ኪስ ሳያራግፍ አይሄድም።

ከሁሉ የከፋው ወጪ ግን ራሳችን ያመጣነው ነበር። አራት መምህራን ሜስ ነበረን፤ ገንዘብ አዋጥተን፣ የምታበስልልን ሴት ቀጥረን አብረን እንበላለን። መተማ የማሽላ አገር ነው። ማሽላው በየደጃፉ በጆንያ ተቆልሎ፣ ዋጋው መሬት ወርዶ፣ እኛ ጤፍ ከጎንደር በጭነት መኪና እናስመጣ ነበር። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ አራታችንም ደገኞች ነን፣ ማሽላ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ምግብ ነው። አንድ ጊዜ ወጪው ሲያንገበግበኝ፣

"እስቲ ለሁለት ወር ማሽላ እንሞክር" አልሁ።

ከእኛ ጋር ይበላ የነበረው ርዕሰ መምህር ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ አቆመ። "ተማሪዎቹ ቢሰሙስ? ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመህ ማን ያዳምጥሃል?" አለኝ።

ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ማሽላ በልተው ነበር የሚመጡት። እኔም አፌን ዘጋሁና ጤፌን በላሁ። በወር ከምከፍለው ግብር ይልቅ ለዚያ ኩራት የከፈልሁት ይበልጣል።

አባቴ በለሳ ውስጥ ገበሬ ናቸው። አንድ በሬ ነበራቸው። በእኛ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው እንደ እሱው አንድ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን መሬት፣ በማግስቱ የሌላውን ያርሳሉ። የአባቴ ተቀናጅ ከቤታችን በታች ያለ፣ ከእኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጥ ጎረቤት ነው። ልጅ ሆኜ ጋሼ እያልሁት ነው ያደግሁት። ከእሱ በሬና ከአባቴ በሬ የትኛው የማን እንደሆነ እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ በደንብ አላውቅም ነበር።

መተማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች መጡ። በእኛ በረሃ ሳሉግ ይሏቸዋል። ከእነሱ አንዱ የበለሳ ሰው ነበርና ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጎኝ መጣ።

"የአባትህ በሬ ሞቷል። ዝናቡም ቀረ፣ መኖም የለ" አለኝ። "ልጄ ይወቅልኝ ብለውሃል።"

"ላክልኝ አላሉም?"

"አላሉም። ይወቅልኝ ነው ያሉት።"

የአባቴን ጠባይ ስለማውቀው ያ "ይወቅልኝ" ከ"ላክልኝ" የባሰ ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ በእኩል ያሳርሳል፤ ካገኘው ላይ ግማሹ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሌላ ወሬ ነበር። በሬ የሌለው ሰው ለሰፈራ ይመዘገባል ይባላል። ስድሳ ያለፋቸው፣ ከቤታቸው ወጥተው አርባያ ገበያ እንኳ ማደር የማይወዱ ሰው በመኪና ተጭነው የማያውቁት አገር ሲወርዱ ታየኝ። ከመጪው ዓመት እርሻ በፊት በሬ መግዛት ነበረብኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የበሬ ዋጋ እጄ ላይ ከሚደርሰው የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር። ሲያስቡት ቀላል ነው፤ አጠራቅማለሁ አልሁ። ሲጋራ ተውሁ። ጠላ ቤት መሄድ ተውሁ። ሜሱን ልተው ብዬ ነበር፣ ግን ብቻውን የሚበላ መምህር ሚስጥር አለው ይባላል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ሚስጥር አለው መባል ከረሃብ ይከፋል። ኅዳር ላይ ወባ ተነሣብኝና ያጠራቀምሁትን በላብኝ። ታኅሣሥ ላይ ስብሰባ ተጠራን።

የስብሰባው ጉዳይ ድርቁ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ እየተቆራረጠ ለተጎጂዎች ይስጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ፤ ሁላችንም አወጣን። የሚቃወም ተባለ፤ ጭጭ አልን። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እውነቱን ልናገር፣ እጄን ሳወጣ አልቆጨኝም። የወገኔ ጉዳይ ነው፤ አባቴ ራሳቸው ከተጎጂዎቹ አንዱ ናቸው። ምናልባት የሰጠሁት ብር እህል ሆኖ ዞሮ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል ብዬም አስቤ ነበር።

ሰኔ ሲደርስ የበሬውን ግማሽ እንኳ አልያዝሁም፤ የዚያ ክረምት እርሻ አለፈኝ፣ ለቀጣዩ ልድረስ አልሁ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መምህራኑ ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ ጎንደር ተሳፈሩ። ርዕሰ መምህሩ "የት ነህ ክረምቱን?" ሲለኝ "አገር ቤት፣ አባቴ ዘንድ" አልሁት። ከዚያ በትራክተር ተጎታች ላይ ተንጠልጥዬ አብደራፊ ገባሁ። እዚያ ሰፊ የመንግሥት እርሻ ነበር፤ ክረምት ክረምት ሰሊጥና ማሽላ የሚያርም ሰው ይፈልጋል። መተማ ዙሪያ እንዳልሠራ ተማሪዎቼና ወላጆቻቸው አሉ። አብደራፊ ግን ማን ያውቀኛል?

ካምፑ በር ላይ የሚመዘግበው ሰው "ሥራህ?" አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ገበሬ" አልሁት። እጄን አየና ፈገግ አለ፤ ግን ጻፈኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አረም አውቃለሁ ብዬ ተመጻድቄ ገባሁ። በለሳ ሰሊጥ አይዘራም። ትንሹ ሰሊጥ ከአረሙ ጋር ይመሳሰላል፤ እኔ ግማሽ መስመር ሰሊጡን ነቅዬ ሣሩን በክብር አስቀረሁት። ካቦው፣ ማለት የቡድናችን አለቃ፣ ከኋላ መጥቶ አየና፣

"አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምትሠራው? ለሣሩ ነው?" ብሎ ጮኸ። ሳሉጉ ሁሉ ሣቀብኝ። የዚያን ቀን ሒሳቤ ተቆረጠ። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ ፈንድቶም ጠነከረ።

የሚበላው የማሽላ ቂጣና የምስር ውሃ ነበር። እኔም በላሁ። የሚጣፍጥ ነገር ነው ባልልም፣ የራበው ሰው ስለ ክብሩ ሲጨነቅ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ አልደብቅም። ሥራው በቁርጥ ነው፤ ያረምኸው ተለክቶ ሒሳብህ ይሰጥሃል። ግብር የለበት፣ ጡረታ የለበት፣ መዋጮ የለበት። የሠራሁት ሁሉ ሳይጎድል እጄ ላይ የደረሰው በመኮትኮቻ ነው። መምህር ሆኜ ይህን አላገኘሁም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አዲስ ሰዎች መጡ። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተቀምጬ እበላለሁ። ከአዲሶቹ አንዱ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ፎጣዬን ወደ ግንባሬ ሳብሁ።

"አንተ! አንተ የኛ ሰፈር ልጅ አይደለህም?" አለ።

ድምፁን ዐወቅሁት። የአባቴ ተቀናጅ ነበር። መሸሸጊያ አልነበረኝም።

"ነኝ፣ ጋሼ።"

"ምን ልትሠራ ከዚህ መጣህ?"

"እንዳንተው ነዋ።"

"አንተማ ደመወዝተኛ አይደለህም እንዴ? አባረሩህ?"

"አላባረሩኝም። የአባቴን በሬ ልገዛ ነው።"

 ቂጣውን ይዞ ከጎኔ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔኮ አንተን ልረግምም ጭምር ነው የወረድሁ" አለኝ። "ስመለስ በመተማ ዞሬ፣ ከደጅህ ቆሜ ሰው እስኪሰበሰብ ልሰድብህ ነበር ሐሳቤ። አገሩ ሁሉ የሚያማህ 'በየወሩ የመንግሥት ብር እየቆጠረ አባቱን ጣለ' እያለ ነው።"

"ብቆጥርማ ጥሩ ነበር።"

"የእህሉንስ ነገር አልሰማህም?"

"የምን እህል?"

"የካቲት ላይ የእርዳታ እህል ሲታደል አባትህ ተሰልፈው ነበር። ተራቸው ሲደርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘለላቸው። 'የእርስዎ ልጅ ደመወዝተኛ ነው፣ ድርሻዎ ለምስኪኑ ይሁን' አላቸው።"

"አባቴስ? ምን አሉ?"

"ምን ይበሉ? 'እውነት ነው' አሉና ስልቻቸውን አጥፈው ሄዱ።"

 ከደመወዜ ለተጎጂ የሚቆረጥበት ወር፣ ሜሳችን ጤፍ ከጎንደር ያስጫነበት ወር፣ አባቴ ባዶ ስልቻ ይዘው ቤታቸው የገቡበት ወር አንድ ነበር። አለቀስሁ። ፎጣዬ ለዚያም ጠቀመኝ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ የተናገረው ውሸት የለበትም፤ ልጃቸው ደመወዝተኛ ነው። ደመወዝ ማለት ምን እንደሆነ ብቻ ነው ያልገባው።

ጋሼ የእሱንም ጉዳይ ነገረኝ። የእሱ በሬ ተርፏል፤ ግን ብቻውን ምን ያርሳል? የሚቀናጀው አላገኘም። ሽጦት እንዳይበላ ሆዱ እንቢ አለው፤ አስቀምጦት እንዳይኖር መኖ የለም። የመኖና የቀለብ ብር ፍለጋ ነው የወረደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን እናርም ጀመር። ሌሎቹ ስለ እኔ ሲጠይቁት "የእናቴ ልጅ ነው" ይላቸው ነበር። መምህር መሆኔን ለአንድም ሰው አላወራም።

ነሐሴ መጨረሻ ሒሳባችንን ተቀብለን አብረን ወጣን። ዝናቡ በዚያ ዓመት ደህና ስለነበር በሬ ተወዷል፤ ያለኝ ቢደመር ቢደመር አልበቃ አለ። አርባያ ገበያ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተኛ ቀይ በሬ ፊት ቆመን እኔ ስፈዝ፣ ጋሼ ከወገቡ ፈትቶ የጎደለውን ሞላ። ለልጆቹ ልብስ መግዣ ያለው ብር ነበር።

"እንዴት ይሆናል?" አልሁት።

"የእኔ በሬ ጓደኛ አያስፈልገውም እንዴ?" አለኝ። "ደግሞ ስማ። አባትህ ይኸን አብደራፊ የሚሉትን ነገር አይስሙ። መኮትኮቻ እንዳትይዝ ብለው ነው ሁለት ላም ሸጠው ያስተማሩህ። ከደመወዜ ነው በል።"

"አንተ ያወጣኸውስ?"

"እሱንም አይስሙ።"

ከቤት ስንደርስ አባቴ ደጃፍ ላይ ነበሩ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደመኝና፣ "በሉ ይምጡ፣ ልጅዎ ከደመወዙ የገዛልዎትን ይዩ!" አለ። አባቴ በሬውን ዞሩት። ሻኛውን ደባበሱት፣ ጥርሱን አዩት፣ ጅራቱን አነሡት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

"ጠቁረሃል" አሉኝ።

"የመተማ ፀሐይ ነው" አልሁ። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ እጄን ከጋቢው ብዙ አላወጣሁም። የደጋው ብርድ እንደጠናብኝ ነው ያሰቡት። ልመለስ ስነሣ ለመሳፈሪያና ለቀለብ ብዬ ያላስነካሁት ጥቂት ብር ነበረኝ። ትከሻቸው ላይ ያለው ቡሉኮ ነትቦ ክሩ ወጥቷልና "አዲስ ይግዙበት" ብዬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ የሆነውን የሰማሁት ጥር ላይ፣ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ስሄድ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባቴ ያንኑ አሮጌ ቡሉኮ ለብሰው አገኘኋቸው። ጋሼም መጥቶ ነበር። ሦስታችን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘንድሮ ግብሬ ከፍ ብሏል" አሉኝ። ደስ የሚል ወሬ እንደሚነግር ሰው ነበር አነጋገራቸው።

"እንዴት? ለምን ከፍ ይላል?"

"ገቢ ሊገመት ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ 'አንቱ በሬ አለዎት፣ ከየት አመጡት?' አለኝ። ተነሥቼ 'ልጄ ነው፣ ከደመወዙ ገዝቶልኝ' አልሁ። ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ጮኽ ብዬ ነው ያልሁት። እንግዲያው ከድሃው መደብ ወጥተዋል አሉና ከፍ አደረጉኝ።"

ጋሼ አንገቱን ደፍቶ አመዱን በእንጨት ይቆሰቁስ ነበር። "እኔ የጋራችን ነው ይበሉ ብዬ ጎሸም አድርጌያቸው ነበር" አለኝ። "የጋራ ቢሉ ኖሮ አይነኳቸውም ነበር።"

አባቴ ተቆጡ። "ልጄ የገዛልኝን በሬ ምን ብዬ ነው የጋራ የምል? ከሰው ፊት ልዋሽ?"

ጋሼ አንድ ጭራሮ እሳቱ ላይ ጨመረ። እኔም ወደ እሱ ማየት አልቻልሁም።

"ታዲያ በምን ከፈሉ?" አልኋቸው።

"በሰጠኸኝ ብር ነዋ።"

"ለቡሉኮ በሰጠሁዎት?"

"ቡሉኮ ይደርሳል" አሉ፣ አሮጌውን ወደ ደረታቸው እየሰበሰቡ። "ከዚህ ቀበሌ እኔን የሚያህል ግብር የሚከፍል ስንት ሰው ያለ መሰለህ? እህል ሲያድሉ የዘለሉኝ ሰዎች፣ ግብር ሲሰበስቡ አስቀድመው የጠሩት እኔን ነው። ደረሰኙን በሁለት እጄ ነው የተቀበልሁት። ለመጪው ዓመትም አላስብም፤ ልጄ ደመወዝተኛ ነው።"

"ደግ አደረጉ፣ አባ" አልኋቸው።

ክረምት ሲገባ ርዕሰ መምህሩ የት እንደምከርም ጠየቀኝ። አገር ቤት፣ አባቴ ዘንድ አልሁትና ወደ አብደራፊ ሄድሁ።